የወለላ ወተትና የማታ ማታ ትኩሳቴ

በወተት ታምሜ ነበር ስል ሰው መጀመሪያ ይስቃል፤ ቀጥሎ "ወተት ደግሞ ምን ያደርጋል?" ይለኛል። ይህን የምጽፈው ለጠያቂዎቹ ነው። በተለይም ወተት ከላሟ ሥር በትኩሱ ካልተጨለጠ ወተት ለማይመስለው ለቆላ ሰው።

ትውልዴ ጎጃም ነው። መተማ የወረድኩት ሰሊጥ ለማጨድ ነበር። ለአንድ አዝመራ ብዬ መጥቼ ትራክተር መንዳት ለመድኩና ኮኪት አጠገብ በነበረ የመንግሥት እርሻ ተቀጥሬ ቀረሁ። ዘመኑ የደርግ ነው። እዚያው የሻረግን አገባሁ። ከየሻረግ ጋር እናቷ እማማ ደብሬ፣ ከእማማ ደብሬ ጋር ደግሞ ላማቸው ወለላ አብረው መጡ። ሁላችንም አንድ ግቢ ነበርን። የቤቱን ሹመት በተራ ተናገር ካላችሁኝ መጀመሪያ ወለላ፣ ከዚያ የሻረግ፣ ከዚያ ጡት የሚጠባው ልጃችን፣ በመጨረሻ እኔ።

ወለላ እኔ ከመታመሜ በፊት በነበረው ዓመት ሊወለድ የደረሰ ጥጃ ጨንግፋ ነበር። እማማ ደብሬ የጎረቤት ዓይን ነው ብለው አንገቷ ላይ ክታብ አሰሩላት። በዓመቱ ደህና ጥጃ ወለደችና ነገሩ ተረሳ። ወተቷም በረከተ።

ሕመሙ የጀመረኝ በአጨዳ ሰሞን ነው። ጠዋት እንደማንኛውም ሰው ተነሥቼ ትራክተሬን አስነሣለሁ። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ግን ብርድ ብርድ ይለኛል። መተማ ላይ ቆሞ በረደኝ የሚል ሰው ወይ ታሟል ወይ ዋሽቷል። ወገቤ ይቆረጠማል፣ ጉልበቴ ይከዳኛል፣ ከዚያ ልብሴ እስኪጨመቅ ያልበኛል። ላቡ እንኳ የሌላ ሰው ላብ ይመስል ነበር። "የሻገተ ገለባ ትሸታለህ" አለችኝ የሻረግ። ሲነጋ ምንም እንዳልነበረበት ሰው እሆናለሁ።

በእርሻው ክሊኒክ ደምሴ የሚባል ድሬሰር ነበር። ደግ ሰው ነው። ለእሱ የቆላ ትኩሳት ሁሉ ወባ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም እውነቱን ነው። ክሎሮኪን ሰጠኝ። ክሎሮኪኑ መምረሩ ሳያንስ ገላዬን ያሳክከኝ ስለነበር፣ በትኩሳቱ ያልተነሣሁበትን ሌሊት በማሳከኩ ተነሣሁበት። ተመልሼ ስሄድ ደገመልኝ። ሦስተኛ ስሄድ "ወባህ ግትር ነው" አለኝና ሠለሰልኝ። ከዚያ ደግሞ ተስቦ ይሆናል ብሎ ሌላ እንክብል ሰጠኝ። በእሱ ጥቂት ተሻለኝና፣ እፎይ ብዬ ሳልጨርስ ተመለሰብኝ።

በዚህ መሐል እማማ ደብሬ የራሳቸውን ሕክምና ጀመሩ።

"ደም የለህም ልጄ" አሉኝ። "ደም የሚተካ ወተት ነው።"

በፊት በጣሳ እጠጣ የነበረው በጆግ ሆነ። አንድ ቀን ጆጉን ሲያቀብሉኝ "እማማ፣ ዛሬ ዓርብ ነው" አልኳቸው።

"የንስሐ አባትህን ጠይቄያለሁ። ሕመምተኛ ጾም አይያዝም ብለዋል። ጠጣ።"

"ትንሽ ፈላ ቢል…"

"የፈላ ወተት የሞተ ወተት ነው። ቅሉን በወይራ አጥኜዋለሁ፤ ምን ይገባበታል?"

ጠጣሁ። ሲብስብኝ ጆጉ ይሞላል፤ ጆጉ ሲሞላ ይብስብኛል። እሳቸው ራሳቸው ዓመቱን ሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ጿሚ ነበሩ። የሻረግ ከልጅነቷ ጀምሮ የወተት ሽታ ያቅለሸልሻታል። ልጁም ቢሆን፣ እማማ ደብሬ "ከወለላ ይቅመስ" ባሉ ቁጥር የሻረግ "ጡቴ እያለ?" እያለች አስጥላዋለች። በዚህ ጉዳይ እናትና ልጅ የተኳረፉበት ጊዜ አለ። ስለዚህ የወለላ ወተት ጠጪ እኔና አንድ ሌላ ሰው ብቻ ነበርን። ሌላው ሰው የእርሻው ካድሬ ጓድ ሙላት ነው። እማማ ደብሬ ማለዳ ማለዳ በጠርሙስ ይልኩለት ነበር።

የእርሻው የውይይት ክበብ የሚሰበሰበው ከሥራ በኋላ፣ ልክ ትኩሳቴ በሚነሣበት ሰዓት ነበር። መቅረት አበዛሁ። አንድ ማታ ጓድ ሙላት በሰው ፊት አቆመኝ።

"ጓድ ጥጋቡ፣ ምነው አትታይም?"

"አሞኝ ነው ጓድ።"

"ጠዋት ትራክተር ላይ ስታፏጭ አይቼሃለሁ።"

"ጠዋት ጠዋት ደህና ነኝ።"

"ይህ ትኩሳት ሰዓት ያውቃል ማለት ነው። ለሥራ ይለቅሃል፣ ለንቃት ይይዝሃል። እንዲህ ያለ ሕመም ዓላማ አለው።"

ማንም አልሳቀም። በዚያ ዘመን ዓላማ አለው የተባለ ነገር አያስቅም። ፈራሁ። ከዚያ ወዲያ ጋቢ ተከናንቤ እየተንቀጠቀጥኩ ስብሰባ እገባ ጀመር። ጭብጨባ ሲመጣ የእኔ እጅ ከሁሉ ይቀድም ነበር፤ ቀድሞውንም እየተንቀጠቀጠ ነዋ። ጓድ ሙላት ይህን አይቶ ንቃቴ መሻሻሉን በስብሰባ ላይ ተናገረልኝ።

ቀጥሎ የመጣው በአደባባይ የማይነገር ነው፤ ነገር ግን ሌላው እንዲማርበት እናገረዋለሁ። አንዱ የዘር ፍሬዬ አበጠ። ምን ያክል ነበር ብላችሁ አትጠይቁኝ። ትራክተር ላይ መቀመጥ አቅቶኝ ቆሜ ነበር የምነዳው ካልኩ ይበቃል። ከመንገድ የሚያየኝ ሰው የአብዮት በዓል ሠልፍ ላይ ያለሁ ይመስለው ነበር።

ደምሴ አየና ፊቱን ቋጠረ።

"ከኮኪት ወጣ ስትል የት የት ትደርሳለህ?"

"ነዳጅ ለማምጣት መተማ ዮሐንስ።"

"እንግዲያው ነዳጁ ነው" አለና ፔኒሲሊን ወጋኝ። "ሚስትህም መጥታ ትወጋ። ያለዚያ እየተቀባበላችሁ ትኖራላችሁ።"

ይህን ለየሻረግ እንዴት እንደነገርኳት አላስታውስም። ልጁን አዝላ ሄዳ ተወጋች። ተመልሳም አልጋዬን አነሣች። በዚያ ሙቀት ሁላችንም የምንተኛው ግቢ ውስጥ ነው፤ የእኔን አልጋ እየጎተተች ወስዳ ከወለላ በረት አጥር አስጠጋችው።

"የሻረግ፣ በማርያም፣ ከማንም ጋር የለሁም።"

"አንተ የለሁም ትላለህ፣ ሕመሙ አለሁ ይላል።"

"ደምሴ ተሳስቶ ቢሆንስ?"

"እንግዲያው ጎንደር ሂድና ያልተሳሳተውን አምጣ። እስከዚያ ላሟ ታስታምህ።"

እማማ ደብሬ ነገሩን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ወንድ ነውና አጥፍቶ ይሆናል" አሉ። "ቢሆንም ወተቱን ይጠጣ።"

ለጎንደር ፈቃድ የሚሰጠው ጓድ ሙላት ነበር። ሄጄ ለመንኩት። በአዝመራ ሰሞን ትራክተር ነጂ ጎንደር ምን ይሠራል አለኝ፤ ከስብሰባው በኋላ እንነጋገር ብሎ ሸኘኝ። በዚያ ማታ ርእሱ ሰርጎ ገቦች ነበሩ። ጠላት በመካከላችን ተመሳስሎ እንደሚገባ ሲያስረዳን ቆየና ድንገት ንግግሩን አቋረጠ። ትከሻውን ሰብሰብ አደረገ።

"ማን ነው መስኮቱን የከፈተው?" አለ።

የምንሰበሰበው ዳስ ሥር ነበር። መስኮት የለውም። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። እኔ ተነሥቼ ጋቢዬን ደረብኩለትና በጆሮው ጠየቅኩት።

"ጓድ፣ ወገብዎን ይቆረጥምዎታል?"

"ሰንብቷል።"

"ሲነጋ ይሻልዎታል?"

"ለማንም አትንገር" አለኝ።

በማግስቱ ጎንደር የሚሄድ የሰሊጥ መኪና ተገኘ። ከሳሽና ተከሳሽ ጋቢና ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። አይከል ስንደርስ የደጋው ብርድና የእኛው ብርድ ተጋገዙብንና ሁለታችንም በአንድ ጋቢ ተጠቀለልን። ሾፌሩ በየጉድጓዱ ሲዘል እኔ እቃትታለሁ። ጓድ ሙላት ምን ሆነህ አለኝ፤ ነገርኩት። ከዚያ በኋላ ጉድጓድ ባየ ቁጥር ሾፌሩን "ቀስ በል ጓድ" ይለው ነበር። ይህን ደግነቱን አልረሳለትም።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ወረፋ ያዝን። አጠገባችን ከደምቢያ የመጡ ባልቴት ነበሩ። ቆሎ አቀረቡልንና "ወንድማማች ናችሁ?" አሉን። "ጓዶች ነን" አላቸው ሙላት። "እግዜር ያኑራችሁ" አሉ፣ ያልገባቸው መሆኑ እያስታወቀ። ጥቂት ቆይቶ በቃሬዛ አንድ ሰው ፊቱን በነጠላ ሸፍነው አሳለፉ። ከኋላ አንዲት ሴት ጫማውን ይዛ ትከተላለች። ያን ጊዜ ሳቄ ጠፋ። ልጄ ገና ዳዴ አላለም። እናቱ ደግሞ ልሙት ልዳን ሳታውቅ እንደተቀየመችኝ ናት። እንዲህ ሆኜ ብቀር ስሜ የሚነሣው በዚያ ፔኒሲሊን ነው ብዬ አሰብኩ። ባልቴቷ ምንም ሳይጠይቁኝ ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ።

ሐኪሙ የውጭ አገር ሰው ነው፤ የምታስተረጉምልን ነርሷ ናት። ያበጠውን አየ፣ ወገቤን ዳሰሰ፣ ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀ። ነርሷ አፍራ ተረጎመች።

"አስወርዳ ታውቃለች ወይ ይልሃል።"

"ሚስቴ? በፍጹም።"

ነርሷ ለሐኪሙ ነገረችው። ራሱን ነቀነቀና ደገመ።

"ሚስትህን አይደለም። ላሚቱን ነው።"

ከሙላት ጋር ተያየን። እኔ ስለ ጨነገፈው ጥጃ ተናገርኩ። ወተቱን አፍልታችሁ ነው የምትጠጡት አለን። ሁለታችንም እንደ ተማሪ አቀረቀርን።

ደም ወሰዱ። ሐኪሙ የደሜን ውሃ ጠብታ መስታወት ላይ አድርጎ፣ የሞቱ ተሐዋስያን ያሉበት ሌላ ጠብታ ጨመረበትና አወዛወዘው። ጠራ ያለው ጠብታ ዓይኔ እያየ እንደሚበጣጠስ ወተት ፍርፍር አለ። የሙላትም እንዲሁ ሆነ። ነርሷ በቀስታ አስረዳችን። ሰውነት አንድ ተሐዋሲ ሲገባበት ያንኑ ለይቶ የሚይዝ ነገር በደም ውስጥ ይሠራል። ጸረ እንግዳ አካል ይባላል፤ እኔ ግን ዘብ ነው የምለው። የደሜ ዘቦች ያንን ተሐዋሲ ገና ሲያዩት ተረባርበው ስለጨበጡት ነው የተፈረፈረው። ዘቦቹ ካወቁት ሌባው ቤቴ ገብቷል ማለት ነው። የበሽታው ስም ብሩሴሎሲስ ነው፤ ከታመመች ላም በጥሬ ወተት ይተላለፋል። እብጠቱም የእሱ ሥራ ነው።

"ከሴት የመጣ አይደለም?" አልኳት።

"ከላም ነው" አለችኝ። እጇን ልስም ነበር።

መድኃኒቱ ቴትራሳይክሊን የሚባል እንክብልና በየቀኑ የሚወጋ መርፌ ነው። እንክብሉ ለሳምንታት የሚዋጥ ነው፤ ቶሎ ይሻላል፣ ሲሻል ግን ማቋረጥ አይገባም። ሐኪሙ ይህን ሲናገር ጣቱን አነሣ። እኔ ጣቱን አስታውሼ እስከ መጨረሻው ዋጥኩ። ሙላት ሲሻለው ተወው፤ ወር ሳይሞላው ዳሱ ሥር እንደገና መስኮት ዝጉ ብሎ መድኃኒቱን እንደ አዲስ ጀመረ። እባካችሁ የሙላትን ነገር አትድገሙት።

እቤት ስደርስ ግን የሻረግ አላመነችኝም።

"ላም ላይ ማሳበብ ምን የሚሉት ነው? የላም ወተት እዚያ ድረስ ምን አገባው?"

እማማ ደብሬማ ተቆጡ። "ወለላ ስሟ እንዲህ አይነሣም" አሉ።

ያን ጊዜ ሙላት ሥልጣኑን ለደግ ነገር አዋለው። ከጎንደር የከብት ሐኪም አስመጣልን። ሐኪሙ በትንሽ ሳጥን የመስታወት ቱቦዎችና አንዲት ብልቃጥ ይዞ መጣ። ብልቃጧ ውስጥ ያ ተሐዋሲ ተገድሎ፣ ወይን ጠጅ ቀለም ተነክሮ ተቀምጧል። የወለላን ወተት ቱቦ ውስጥ አደረገ። የሁለት ጎረቤት ላሞችን ወተትም አመጡለት። በየቱቦው ጠብታ ጨምሮ አወዛወዘና ጥላ ሥር አቆማቸው።

"ሌላ አገር ማሞቂያ ሳጥን ያስፈልገዋል" አለ ላቡን እየጠረገ። "እዚህ አያስፈልግም።"

ስባቱ ወደ ላይ እስኪንሳፈፍ ጠበቅን። የጎረቤቶቹ ቱቦዎች ከሥር እስከ አንገታቸው እንደ ተቀለሙ ቀሩ፤ ስባቱ ብቻ አናታቸው ላይ ነጭ ሆኖ ተቀመጠ። የወለላ ግን ተገላቢጦሽ ሆነ። ወተቱ ነጣ፣ አናቱ ላይ ወይን ጠጅ ቀለበት ተሠራ።

"የወለላ ዘቦች ከደሟ ወደ ወተቷ ወርደዋል" አለ ሐኪሙ። "ቀለም የነከርኩትን ተሐዋሲ እየጨበጡ ከስባቱ ጋር ተጣብቀው ወጡ። ቀለበቱ እነሱ ናቸው።"

እማማ ደብሬ ቱቦውን ወደ ፀሐይ አንሥተው ብዙ አዩት።

"ወተቱ ዘብ ካለው ልጄን ማን ወጋው?" አሉ።

ሐኪሙ ሳቀ። "ጥሩ ጠየቁ እማማ። ዘብ ተሰልፎ ካዩ ሌባ አለ ማለት ነው። ዘቡ የያዘውን ይዟል፤ ያልተያዘው ጡቷ ውስጥ ተደብቆ ከወተቱ ጋር ይወርዳል።"

"የወይራው ጢስስ?"

"ሽታውን ያሳምራል።"

"እሳትስ?"

"እሳት ሌባና ዘብ አይለይም። ሁሉንም ይጨርሳል።"

የሻረግ እስከዚህ ድረስ ቤቱ በር ላይ ቆማ ታዳምጥ ነበር። ገባ ብላ ቆይታ፣ በነጠላዋ ጫፍ የሸፈነችው ሲኒ ይዛ ወጣች።

"ይህንንም እይልኝ" አለችው።

"የየትኛዋ ላም ነው?"

"የእኔ ነው።"

የሐኪሙ ጆሮ ቀላ። "እህቴ፣ ይህ መድኃኒት ለላም የተሠራ ነው። በሰው ወተት ላይ አይፈርድም። ታመሽ ከሆነ ደምሽ ይታይ።"

"አልታመምኩም። ለልጄ የቱ እንደሚሻል ልወቅ ብዬ ነው። እናቴ የወለላ ይሻለዋል ትለኛለች።"

ሐኪሙ ሲኒውን በሁለት እጁ ተቀብሎ በአክብሮት ሳጥኑ ላይ አስቀመጠው። "ይህን መመርመር አያስፈልግም" አለ። "ጥጃ የእናቱን ዘብ የሚያገኘው በእንገሩ፣ በመጀመሪያው ወተት ነው። የሰው ልጅ ግን ከማሕፀን አንዱን ወገን ይዞ ይወጣል፣ ሌላው በጡት በየቀኑ ይጨመርለታል። የእናት ዘብ ሕፃኑ አንጀት ውስጥ ገብቶ የተቅማጡን ተሐዋሲ ይጨብጠዋል፤ ከአንጀቱ ግድግዳ እንዳይጣበቅ ያደርገዋል። ደግሞም አንቺ የምትኖሪበት ግቢ ውስጥ ያለውን ሌባ ያንቺ ዘብ ነው የሚያውቀው። የላም ዘብ ለጥጃ የተቀጠረ ነው።"

"ሰማሽ እማዬ?" አለች የሻረግ።

"ጆሮ አለኝ" አሉ እማማ ደብሬ።

ከዚያ የሻረግ ቀለበቱን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና ቀለበቱን አየች።

"ስለዚህ ላሟ ናት" አለች።

"ላሟ ናት" አልኳት።

ይቅርታ አልጠየቀችኝም። ሲመሽ ግን አልጋዬ ከበረቱ አጥር ተነሥቶ ከእሷ አልጋ ጎን ቆሞ አገኘሁት። "ላሟ እንዳትተነፍስብህ ብዬ ነው" አለችኝ ፊቷን አዙራ። ደምሴም በየቀኑ መርፌውን ሊወጋኝ ሲመጣ ስለ ነዳጅ አንድም ነገር አላነሣም። ሙላት ደግሞ በሳምንቱ ጸረ ጥሬ ወተት ዘመቻ አወጀ። በዚያ ዘመን ከታወጁት ዘመቻዎች ሁሉ ከልቤ ያጨበጨብኩት ለዚህኛው ነው።

የቀረው የወለላ ነገር ነበር። ሐኪሙ ላም ከዚህ በሽታ አትድንም፤ ሌሎቹን ሳትበክል ትወገድ ብሎ ነበር። ይህን ወሬ ሳይሰማ አይቀርም፣ አንድ የከብት ነጋዴ መጣ። ወለላን ዞሮ ዞሮ አያት፣ ወገቧን መታ መታ አደረገ።

"ተማም ናት" አለ በዐረብኛ፤ ደህና ናት ማለቱ ነው። "እኔ ልውሰዳት። ማዶ ሱዳን አሻግራታለሁ።"

"ታማለች" አሉት እማማ ደብሬ።

"ምኗ ታመመ? ትበላለች፣ ትታለባለች። ማዶ ከተሻገረች ማን ያውቃታል?"

እማማ ደብሬ የወለላን አንገት አከኩ። "እኔ አውቃታለሁ" አሉት።

ነጋዴው ዱላውን አንሥቶ ሄደ። በማግስቱ ወለላ የከብት ሐኪሙ ባለበት ታረደች፤ አራጆቹ እጃቸውን በላስቲክ ጠቅልለው ነበር። ሥጋው በደንብ ከበሰለ አይጎዳም ቢባልም እማማ ደብሬ አልቀመሱም። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ዋሉ፤ የሻረግ ልጁን እያጠባች አጠገባቸው ተቀምጣ ዋለች። ሲመሽ እማማ ደብሬ ተነሡና ከጎረቤት ላም የመጣውን ወተት ለእኔ ምድጃ ላይ ጣዱ። አያውቁበትም ነበርና ገንፍሎ እሳቱን አጠፋው። ይበቃል፣ ፈልቷል አልኳቸው።

እንጨቱን እያራገፉ "አይሆንም" አሉ። "እንደገና ይፍላ።"